«ፈቃዱን እየጠበቅሁ ነው» የሚሉኝ ሰዎች

ከሰኞ እስከ ዓርብ በአንድ የብድርና ቁጠባ ተቋም የብድር ባለሙያ ነኝ፤ እሑድ ደግሞ እዚሁ ደሴ በአጥቢያችን ሰንበት ትምህርት ቤት ወጣቶችን አስተምራለሁ። ሁለቱን ሥራዎች ከአንድ ዐረፍተ ነገር በቀር የሚያገናኛቸው ነገር የለም። ሰኞ ተበዳሪው፣ እሑድ ተማሪው «እግዚአብሔር ያውቃል» ይለኛል። ተበዳሪው «አልከፍልም» ማለቱ ነው፤ ተማሪው «አልወስንም» ማለቱ ነው። ሁለቱም ግን ራሳቸውን ሙሉ በሙሉ ለፈጣሪ ያስረከቡ ይመስላቸዋል።

ባለፈው ወር አንድ ሰው የሦስት ወር ክፍያ አሳልፎ መጣና «ጋሼ፣ እኔ ሁሉን ለእርሱ ሰጥቻለሁ» አለኝ። የእኛ ብድር በቡድን ዋስትና ነው፤ አንዱ ሲቀር የቀሩት የቡድኑ አባላት ይከፍሉለታል። ስለዚህ ሰውየው ለእግዚአብሔር «የሰጠውን» ዕዳ የከፈሉት ሰኞ ገበያ በርበሬ የሚቸረችሩ አራት ሴቶች ናቸው። መዝሙረኛው «ኃጢአተኛ ይበደራል አይከፍልምም» ይላል። አነበብሁለት፤ አልወደደውም።

ስለ መታዘዝና ራስን ለእግዚአብሔር ስለ መስጠት የምሰማቸውን የተሳሳቱ አባባሎች ልጻፍ ብዬ የተነሣሁት ያን ዕለት ማታ ነው። አንዳንዶቹ ብዙ ቃል አያስፈልጋቸውም።

«ራስን ሙሉ በሙሉ መስጠት የመነኩሴ ድርሻ ነው»

«ራሱን ይካድ መስቀሉንም ዕለት ዕለት ተሸክሞ ይከተለኝ» የተባለው ለሁሉም ነው፤ ሉቃስ ራሱ «ለሁሉም እንዲህ አላቸው» ብሎ ይጀምራል (9፥23)። ደግሞስ መነኮሳቱ ምን ሲሠሩ ነበር? ሐይቅ እስጢፋኖስን እንውሰድ። በ13ኛው መቶ ክፍለ ዘመን አቡነ ኢየሱስ ሞዓ ገዳሙን ትምህርት ቤት አደረጉት፤ አቡነ ተክለ ሃይማኖትን ያህል ሰው ከዚያ ወጣ። ያስጻፉት አራቱ ወንጌል እስከ ዛሬ እዚያው ይገኛል። ብራና ይፋቃል፣ ቀለም ይበጠበጣል፣ ወገብ እስኪቆረጥ ጎንበስ ተብሎ ይጻፋል። እጁን አጣጥፎ ሰማይ ሰማይ ያየ መነኩሴ ያን መጽሐፍ አያተርፍልንም ነበር።

«የታዘዘ ሰው ይሳካለታል»

ኤርምያስ ታዘዘና ጭቃ ጉድጓድ ውስጥ ተጣለ። ሐዋርያት ታዘዙና ተገረፉ። ይበቃል።

«ለፈቃዱ የተገዛ አያለቅስም፣ አይጠይቅም»

ይህን ለቅሶ ቤት የሚናገሩ ሰዎች አሉ። ልጇን ቀብራ የተመለሰች እናት አጠገብ ተቀምጠው «ተይ እንጂ፣ እግዚአብሔርን ማማረር ይሆንብሻል» ይላሉ። ጌታ ራሱ በአልዓዛር መቃብር ላይ እንባውን አፍስሷል። በጌቴሴማኒ «ይህች ጽዋ ከእኔ ትለፍ» ብሎ ለመነ፤ «አንተ እንደምትወድድ ይሁን» ያለውም ከለመነ በኋላ ነው። አብርሃም ስለ ሰዶም ከሃምሳ ጀምሮ እስከ አሥር ሰው ድረስ እንደ ገበያ ሰው ተከራክሯል፤ ማንም «አማረርክ» አላለውም። እመቤታችንም «እንደ ቃልህ ይሁንልኝ» ከማለቷ በፊት «ይህ እንዴት ይሆናል?» ብላለች። የምታጽናኑት ነገር ካጣችሁ «አብሽሪ» ብላችሁ ዝም በሉ፤ ወይም ውኃ ቅዱላት።

«ጠበል የገባ መድኃኒት ከወሰደ እምነቱ ጎደለ»

በዚህ ላይ ትዕግሥት የለኝም። የሳንባ ነቀርሳ መድኃኒት ጀምራ የነበረች የቡድናችን አባል ጠበል ቦታ ሄዳ፣ አንዲት አስታማሚ «ሁለት ጌታ አታምልኪ» ስላለቻት ኪኒኑን አቆመች። በሁለት ወሯ በቃሬዛ ተመለሰች። ዳነች፤ ግን ሕክምናዋ እንደገና ከመጀመሪያው ሆነ።

መጽሐፈ ሲራክ 38ኛ ምዕራፍ ባለ መድኃኒትን አክብር፣ እርሱንም የፈጠረው እግዚአብሔር ነው ይላል፤ መድኃኒትን ከምድር ያወጣ እርሱ ነው፣ ብልህ ሰውም አይንቀውም ይላል። ሉቃስ ሐኪም ነበር። ፓትርያርክ የነበሩት አቡነ ጳውሎስም የኤችአይቪ መድኃኒትና ጠበል አብረው ቢወሰዱ እንደማይጣሉ በአደባባይ ተናግረዋል። ኪኒን ይዛችሁ ጠበል ግቡ። በጠዋት የምትወስዱት ከሆነ ከጾም ሰዓት ጋር እንዳይጋጭባችሁ የንስሐ አባታችሁንም ሐኪማችሁንም አማክሩ፤ ሰዓቱን ግን አታዛንፉ፣ በተለይ የነቀርሳና የኤችአይቪ ከሆነ። ጠበልተኛ ስታስታምሙም ከቅዱሱ ውኃ እኩል የኪኒኑን ካርድ ጠይቁ።

«ለእግዚአብሔር የታዘዘ ከሙስሊም ጎረቤቱ ይርቃል»

ይህ አባባል ወሎ የበቀለ አይደለም፤ ከሌላ ቦታ መጥቶ ነው። የአባቴ ለቅሶ ዕለት ድንኳኑን የተከሉት፣ ወንበር የተሸከሙት የቅሬያችን፣ የዕድራችን ማለቴ ነው፣ ሙስሊሞች ነበሩ። ሠርግ ሲደገስ ሰንጋው ለየብቻ ይታረዳል፤ ማንም ሃይማኖቱን ሳይተው ድግሱ ለሁሉም ይደርሳል። ያዕቆብ በመልእክቱ «ጌታ ቢፈቅድ» ሳትሉ ስለ ነገ አትናገሩ ይላል። እንግዲህ እውነቱን ልናገር፤ ከእኔ ይልቅ ይህን ትእዛዝ የሚፈጽሙት ያለ «ኢንሻ አላህ» ለማታ እንኳን የማይቀጥሩኝ ጎረቤቴ ሸህ ናቸው።

«ሰባኪው ያለኝን ከፈጸምሁ እግዚአብሔርን ታዘዝሁ»

ገንዘብህን፣ ትዳርህን ወይም ቤተሰብህን ለእርሱ አስረክብ የሚልህ ሰው ሲገጥምህ ቦርሳህን አጥብቀህ ያዝ። «ሚስት ለባልዋ ትገዛ» እያለ ሚስቱን የሚደበድብም ቀጣዩን ጥቅስ ያንብብ፤ ባል ሚስቱን ክርስቶስ ቤተ ክርስቲያንን እንደ ወደደ ይውደድ ይላል፣ ራሱን እስከ መስጠት። የምትደበደብ ሴት ለደኅንነቷ ከቤት ብትወጣ አመፀኛ አይደለችም።

«የእግዚአብሔርን ፈቃድ እየጠበቅሁ ነው»

ደም ግፊቴን የሚያስነሣው ይኸኛው ነው።

በሰንበት ትምህርት ቤታችን አንድ ጎበዝ ልጅ አለ። ተመርቋል፤ ይጾማል፣ ይሰግዳል፣ ያሬዳዊ መዝሙር በደንብ ያውቃል። ሁለት ዓመት ሙሉ «ፈቃዱን እየጠበቅሁ ነው» ሲለኝ ከረመ። ኮምቦልቻ አንድ ፋብሪካ ንብረት ክፍል ሊቀጥረው ጠርቶት ነበር። «ፈቃዱ ይሁን አይሁን አላወቅሁም» ብሎ እጣ አዘጋጀ። ሁለት ወረቀት አጣጥፎ፣ አንዱ ላይ «ሂድ»፣ አንዱ ላይ «ቅር» ብሎ፣ ብስኩት ቆርቆሮ ውስጥ ከትቶ ለአንድ ሕፃን አስወጣ። «ሂድ» ወጣ። ምን ያደረገ ይመስላችኋል? «ለማረጋገጥ» ብሎ እንደገና አስወጣ። ሁለተኛው «ቅር» ሆነ። ሦስተኛውን ሊያስወጣ ሲል ሕፃኑ ሰልችቶት ወደ ጨዋታው ሮጠ። ቆርቆሮውን እኔ ዘንድ ይዞ የመጣው ያኔ ነው። ተንታ ያለችው እናቱ በዚያው ወር ገብሷን ጅጌ (ደቦ) ጠርታ ነው ያሳጨደችው። ብቸኛ ልጇ ደሴ ተቀምጦ ፈቃድ ይጠብቃል።

እጣው መጽሐፍ ቅዱሳዊ ነው አለኝ፤ ማትያስን ጠቀሰ። ልክ ነው፣ ማትያስ በእጣ ነው የተመረጠው። ግን ሐዋርያት በመጀመሪያ መስፈርት አውጥተው፣ ከዮሐንስ ጥምቀት ጀምሮ አብረዋቸው የነበሩ ሁለት ሰዎችን ለይተው፣ ጸልየው ነው እጣ የጣሉት። ይህም ከበዓለ ሃምሳ በፊት ነበር። መንፈስ ቅዱስ ከወረደ በኋላ በግብረ ሐዋርያት ሁለተኛ እጣ ሲጣል አናይም። ዲያቆናትን ሲመርጡ እንኳ የተመሰከረላቸውን ሰዎች ፈለጉ እንጂ ብስኩት ቆርቆሮ አልፈለጉም።

ከዚህ ሁሉ በስተጀርባ ያለው ስሕተት አንድ ነው። ፈቃዱ የተደበቀ ነገር ይመስለናል፤ አንድ ቀን በሕልም፣ በባሕታዊ አፍ ወይም በወፍ ጩኸት የሚገለጥ። አብዛኛው ፈቃዱ ግን ተጽፎ ተቀምጧል። ሚክያስ «ሰው ሆይ፣ መልካሙን ነግሮሃል» ይላል፤ ነግሮሃል እንጂ ይነግርሃል አላለም። ለቀን ሠራተኛ ደመወዙን ፀሐይ ሳትጠልቅ ክፈለው ተብሏል። በከረጢትህ ታላቅና ታናሽ ሁለት ዓይነት ሚዛን አይኑርህ ተብሏል። አባትህንና እናትህን አክብር ተብሏል። ሰኞ ገበያ ላይ የሚዛኑን ሳህን በአውራ ጣቱ ጫን የሚያደርገው ነጋዴ በሁዳዴ ሃምሳ አምስት ቀን ሥጋ ባይቀምስ፣ ከአውራ ጣቱ በቀር ሁሉ ነገሩ ጾመ ማለት ነው።

ለልጁ ያልሁትን ለሁላችሁም ልበል፤ ምክር ይበዛበታል፣ ታገሡኝ። መጀመሪያ ምንም ጸሎት የማያስፈልጋቸውን፣ ታዝዘህ ያልፈጸምሃቸውን ነገሮች ወረቀት ላይ ጻፍ፦ የተበደርኸው፣ የዋሸኸው፣ ያስቀየምኸው ሰው፣ ያልደወልህላት እናት። እነርሱን ጀምር። ከዚያ በኋላ የትኛው ሥራ፣ የትኛው ከተማ የሚለው ይመጣል፤ ይህኛው ትእዛዝ የለበትም፣ ማስተዋል ነው የሚፈልገው። ግንብ ሊሠራ የሚወድ አስቀድሞ ተቀምጦ ኪሣራውን ይቆጥር የለምን ብሏል ጌታ። ደመወዙን፣ የቤት ኪራዩን፣ ለእናትህ የምትልከውን አስላ። የሚወዱህን ሁለት አስተዋዮች አማክር፤ አሥር ሰው አታማክር፣ ይበትኑሃል። ጸልይ። ቀን ቁረጥ። በቀኑ ወስን። ተሳስተህ ከሆነ ደግሞ ዮናስን በዓሣ ሆድ አድርጎ መንገዱን ያስያዘ አምላክ አንተን በኮምቦልቻ ሚኒባስ መመለስ አያቅተውም። እመቤታችንን ተመልከት፤ «እንደ ቃልህ ይሁንልኝ» ካለች በኋላ ወንጌሉ የሚነግረን ተነሥታ ወደ ተራራማው አገር «ፈጥና» እንደ ወጣች ነው።

ይህን የምለው ንጹሕ ስለሆንሁ አይደለም። እኔና ታላቅ ወንድሜ ጎን ለጎን ነው የምንኖረው። የደሴን ቁልቁለት የሚያውቅ ያውቀዋል፣ ክረምት ሲገባ ጎርፉ የሚመጣው ከጦሳ ተራራ ነው። ወንድሜ የጎርፍ መውረጃ ቦይ ሲቆፍር ወደ እኔ አጥር አዞረው። ወጥ ቤቴ ውኃ ገባው። ሦስት ዓመት አልተነጋገርንም። አንድ ቤተ ክርስቲያን እየሳለምን፣ እርሱ በሰሜን በር ሲገባ እኔ በደቡብ እዞር ነበር። በየእሑዱ ደግሞ ስለ ይቅርታ አስተምራለሁ።

በሦስተኛው ዓመት ግሸን ማርያም ልሂድ ብዬ ተሳልሁ። ለመስከረም 21 ቀን በእግሬ ወጣሁ። አምባው ላይ ስደርስ እግሬ ውኃ ቋጥሮ ነበር፤ ደስ አለኝ፣ የሆነ ነገር የከፈልሁ መሰለኝ። ስመለስ ለንስሐ አባቴ እየኮራሁ ነገርኋቸው።

«ወንድምህስ?» አሉኝ።

«አባ፣ ልቤን እስኪያለሰልስልኝ እየጠበቅሁ ነው።»

ጭራቸውን ወዘወዙና «ግሸን ድረስ የሄደ እግር አንድ ቦይ መሻገር አቃተው?» አሉ። ሌላ ምንም አልጨመሩም፤ ቀኖና እንኳ አልሰጡኝም። «መባህን በመሠዊያው ፊት ተወው፣ አስቀድመህም ሂድና ከወንድምህ ታረቅ» የሚለውን በቃሌ አውቀዋለሁ፣ ለልጆቹም አስጠንቻለሁ። መታዘዝ ከመሥዋዕት ይበልጣል የሚለውንም እንዲሁ። ግሸን መሄድ ቀላል ሆኖብኝ ነበር፤ እዚያ የሚያሳፍረኝ ሰው የለማ።

በማግስቱ ሠርክ ላይ ሄድሁ። ልቤ አልለሰለሰም ነበር፤ ይህን ልብ በሉልኝ፣ ጉልበቴም ይንቀጠቀጥ ነበር። የወንድሜ ሚስት ቡና እያፈላች ነበር፤ ደንግጣ ቆመች፣ ከዚያ ምንም እንዳልተፈጠረ ስኒውን ዘርግታ «ጀባ» አለችኝ። ወንድሜ ለረጅም ጊዜ ረከቦቱን ሲያይ ቆየ።

«ቦዩን ግን አላዞረውም» አለ በመጨረሻ።

«አታዙረው» አልሁት።

አላዞረውም። ሐምሌ ላይ ዝናቡ ሲበረታ ሁለታችንም ካፖርት ደርበን አካፋ ይዘን እንወጣለን፤ እርሱ ከላይ ደለሉን ይጠርጋል፣ እኔ ከታች አፈር እቆልላለሁ። ወጥ ቤቴ በዓመት አንድ ሁለቴ አሁንም ውኃ ይገባዋል።