ደን ሲመነጠር ጋዙ ከየት ይወጣል? ስለ ኢትዮጵያ ልቀት የምንሳሳትባቸው ነገሮች

ስለ አየር ንብረት ለውጥ ሲወራ ዓይናችን ቶሎ የሚሄደው ወደ መንገዱ ነው። ጥቁር ጭስ የሚተፋ አይሱዙ፣ የሲሚንቶ ፋብሪካ ጭስ ማውጫ። የሚታየው እሱ ነዋ። በእኛ አገር ግን ከዚህ በእጅጉ የሚበልጥ ምድርን የሚያሞቅ ጋዝ (ልቀት የምንለው) የሚወጣው ጫካ ወደ እርሻ በሚቀየርበት ቦታ ነው። በጉዳዩ ላይ ደጋግሜ ከምሰማቸው አባባሎች ጥቂቶቹን አንስቼ እውነታውን ልናገር።

«ልቀታችን ከመኪናና ከፋብሪካ ነው»

መንግሥት እ.ኤ.አ. በ2011 ያወጣው የአረንጓዴ ኢኮኖሚ ስትራቴጂ የ2010ን የአገሪቱን ልቀት 150 ሚሊዮን ቶን ገደማ አድርጎ ያሰላዋል። ከዚህ ውስጥ 42 በመቶው ከእንስሳት ርባታ፣ 37 በመቶው ከደን መመንጠርና መመናመን የመጣ ነው። የትራንስፖርት ድርሻ 3 በመቶ ነበር። በርግጥ ቁጥሩ የቆየ ነው፣ መኪናውም ከዚያ ወዲህ በዝቷል። ኢትዮጵያ እ.ኤ.አ. በ2016 ለተባበሩት መንግሥታት ያቀረበችው የተሻለ ልኬት ደግሞ ከምንጣሮ ብቻ የሚወጣውን በዓመት ወደ 18 ሚሊዮን ቶን ያወርደዋል። ያም ሆኖ ቀላል መጠን አይደለም።

«ደኑን የጨረሰው ከሰል አክሳዩ ነው»

ከሰል አክሳዩ ላይ መፍረድ ይቀላል፣ ጆንያውን በየመንገዱ ዳር እናየዋለንና። ያው ስትራቴጂ ግን ከደን ከሚወጣው ልቀት ግማሹን የሚሰጠው ለእርሻ ሲባል ለሚደረግ ምንጣሮ ነው። 46 በመቶው የማገዶ ነው። ይህም ቢሆን የከሰል ብቻ ሳይሆን በየገጠሩ በሦስት ጉልቻ የሚነደውን ሁሉ ይጨምራል። ለጣውላና ለግንባታ የሚቆረጠው 4 በመቶ ብቻ ነው።

ምንጣሮ ደግሞ በአንድ ቀን የሚያልቅ ሥራ አይደለም። መጀመሪያ ከሥር ያለው ቁጥቋጦ ይጸዳል። ትልልቆቹን ዛፎች በመጥረቢያ መጣል ስለሚከብድ በብዙ ቦታ ልጣጫቸው ዙሪያውን ይገፈፋል። ዛፉ ቆሞ ይደርቃል፣ ከሥሩ በቆሎ ይዘራል፣ ከዚያ እሳት ይለቀቅበታል። ከሩቅ ለሚያይ ዛፍ ያለበት ማሳ ይመስላል፣ ዛፉ ግን ሞቷል። ይህን የሚያደርገው ገበሬ ክፉ ሰው አይደለም። ልጆቹ አድገዋል፣ የሚያካፍላቸው መሬት የለውም። በደቡብ ምዕራብና በባሌ ጫካ ዳር የሚኖረውን ሰው ችግር ሳያዩ ስለ ምንጣሮ ማውራት ፍትሐዊ አይመስለኝም።

«ጋዙ የሚወጣው እንጨቱ ሲነድ ብቻ ነው»

የደረቀ እንጨት ክብደት ግማሽ ያህሉ ካርቦን ነው። ደርቆ ሁለት ቶን የሚመዝን ዛፍ አንድ ቶን ካርቦን ይይዛል ማለት ነው። ያ ካርቦን ከኦክስጅን ጋር ሲዋሃድ 3.67 ቶን ካርቦን ዳይኦክሳይድ ይሆናል። ቢነድም ቢበሰብስም ውሎ አድሮ የሚወጣው ያው ነው፣ ልዩነቱ የጊዜ ነው።

የሚረሳው አፈሩ ነው። የጫካ አፈር የሚጠቁረው ለዘመናት የወደቀ ቅጠልና ሥር በውስጡ ስላለ ነው። ሲታረስ አየር ይገባዋል፣ ፀሐይ ይመታዋል፣ ደቂቅ ነፍሳትም ያንን ቶሎ ያብላሉታል። በዚህ ምክንያት አዲስ የተመነጠረ መሬት በመጀመሪያዎቹ ዓመታት ጥሩ ያበቅላል። በኋላ ግን ይደክማል፣ አጠገቡ ያለውን ጫካ መመንጠር ይመጣል። መሬቱ ተጎድቶ ማዳበሪያ ይፈልጋል፣ ከእሱ የወጣው ካርቦን ደግሞ አየር ላይ ነው ያለው።

«ከመቶ ዓመት በፊት 40 በመቶው ደን ነበር»

ከልጅነታችን ጀምሮ የሰማነው ነው። ግን በዚያን ጊዜ የአገሪቱን ደን የለካ ማንም አልነበረም። አፄ ቴዎድሮስን ሊወጋ የመጣው የእንግሊዝ ጦር እ.ኤ.አ. በ1868 ትግራይ ውስጥ ያነሳቸው ፎቶዎች አሉ። ተመራማሪዎች ከ140 ዓመት ገደማ በኋላ እዚያው ቦታ ቆመው ሲያነሱ፣ በብዙዎቹ ላይ ዛፉ ከድሮው በዝቶ ተገኝቷል። ሰሜኑ የተራቆተው ትናንት አይደለም። የዛሬው ትልቅ ምንጣሮ ያለው ደቡብ ምዕራብና ባሌ ነው።

«ደናችን ከ3 በመቶ ወደ 15 አደገ» የሚለውም እንዲሁ ነው። እ.ኤ.አ. በ2015 የደን ትርጉም ተቀየረ፦ ቁመቱ 2 ሜትር የደረሰ፣ ጥላው 20 በመቶ የሚሸፍን፣ ስፋቱ ግማሽ ሄክታር የሆነ ሁሉ ደን ተባለ። የቆላው ዛፋማ መሬትና ቀርከሃ ገባ። አቆጣጠሩ ነው የተለወጠው።

«የተመነጠረውን በችግኝ እንተካዋለን»

ችግኝ መትከል መልካም ነው፣ እኔም እደግፈዋለሁ። ነገር ግን ለተባበሩት መንግሥታት በቀረበው በዚያው የ2016 ሪፖርት መሠረት እ.ኤ.አ. ከ2000 እስከ 2013 በየዓመቱ 92 ሺህ ሄክታር ገደማ ደን ሲጠፋ፣ አዲስ የተገኘው 19 ሺህ ነበር። ሄክታሩ እኩል ቢሆን እንኳ የአንድ ክረምት ችግኝ የመቶ ዓመት የቀረሮ ዛፍን ካርቦን አይዝም። ሲተከል ከምንቆጥረው ይልቅ የጸደቀውን ብንቆጥር፣ ከሁሉ በፊት ደግሞ የቆመውን ብንጠብቅ ይሻላል።

«የቡና ጫካ ስለሆነ አልተነካም»

በከፊል እውነት ነው። ከጥላ ሥር ያለ ቡና ከበቆሎ ማሳ ብዙ ካርቦን ይይዛል። ግን ቡናው ቦታ እንዲያገኝ ሥር ሥሩ የሚበቅለው ችግኝ በየዓመቱ ይታጨዳል። ትልልቆቹ ሲያረጁ የሚተካቸው የለም።

«ካርቦን መሸጥ ደን ለፈረንጅ መሸጥ ነው»

የሚሸጠው ደኑ ከአየር የወሰደው ወይም እንዳይወጣ ያደረገው የተለካ የጋዝ መጠን ነው፣ መሬቱም ዛፉም የትም አይሄድም። ወላይታ ውስጥ ሁምቦን ተመልከቱ። ተራራው ተራቁቶ ነበር፣ ከአፈሩ ሥር ግን ያልሞቱ ጉቶዎች ነበሩ። ሰዉ 2,700 ሄክታር ያህል ከልሎ ከብት እንዳይገባ ጠበቀ። ከየጉቶው ካቆጠቆጠው ቀንበጥ ጠንካራውን አስቀርቶ ሌላውን ገረዘ፣ ባዶ በሆነበት ቦታ ችግኝ ጨመረ። እ.ኤ.አ. በ2009 በዓለም አቀፉ የካርቦን ሥርዓት ተመዘገበ፣ የዓለም ባንክም ካርቦኑን ሊገዛ ተዋዋለ። ገንዘቡ የገባው ለሰባት የአካባቢው ኅብረት ሥራ ማኅበራት ነው፣ ደኑን የመጠቀም መብትም የእነሱ ነው።