ሃይሮግሊፍ ምንድን ነው?

የጥንት ግብፅ ጽሑፍ ሲነሳ ብዙ ሰው «የሥዕል ጽሑፍ» ብሎ ያልፈዋል። ወፍ ተስሎ ከታየ ወፍ፣ እባብ ከሆነም እባብ ማለት ይመስለዋል። ነገሩ እንዲያ አይደለም። ሃይሮግሊፍ በዋናነት ድምፅ የሚጻፍበት ሥርዓት ነው።

ከቀደምት ማስረጃዎቹ አንዱ የተገኘው በላይኛው ግብፅ፣ አቢዶስ በሚባለው የነገሥታት መቃብር ነው። ጀርመናዊው አርኪዮሎጂስት ጉንተር ድራየርና ባልደረቦቹ ከአጥንትና ከዝሆን ጥርስ የተሠሩ ትንንሽ ሰሌዳዎች ከአንድ መቃብር ቆፍረው አወጡ። ዕድሜያቸው ከክርስቶስ ልደት በፊት ወደ 3200 ዓመት ይጠጋል። ሰሌዳዎቹ ከዕቃ ጋር የሚታሰሩበት ቀዳዳ አላቸው። በላያቸው ቁጥር ወይም የእንስሳትና የሌላ ነገር ምልክት ተቀርጿል። ጸሎትም የጀግና ገድልም የለበትም፤ የንብረት ክፍል ሥራ ነው የሚመስለው።

ትልቁ ብልሃት ግን ሌላ ነው። በአማርኛ እንሞክረው። «ስም»ን መሳል አይቻልም። «ሰም»ን ግን ይቻላል። አናባቢውን ከተውነው ሁለቱም ስ እና ም ናቸው፤ ስለዚህ ሰም ስለን «ስም» ብለን እናነባለን። ግብፆች ያደረጉት ይህንኑ ነው። ዳክዬ ስለው «ልጅ» ብለው አነበቡ፤ የሁለቱ ቃላት ተነባቢዎች አንድ ናቸውና። ከክርስቶስ ልደት በፊት በ3100 ገደማ የነበረው ንጉሥ ናርሜር ስሙ የተጻፈው በአምባዛ ዓሣና በመሮ ነው። አምባዛው «ናር»፣ መሮው «መር» ይባላል።

አናባቢ ስለማይጻፍ ግን መምታታት ይመጣል። የቤት ሥዕል «ቤት»ም «መውጣት»ም ሊሆን ይችላል። እናም መጨረሻው ላይ የማይነበብ ጠቋሚ ይጨምራሉ። የሚራመዱ እግሮች ካሉበት «መውጣት» ነው ማለት ነው።

እያንዳንዳቸው ለአንድ ተነባቢ የቆሙ ወደ 24 የሚጠጉ ምልክቶችም ነበሯቸው። በእነሱ ብቻ መጻፍ ይችሉ ነበር፤ አልፈለጉም። እኔ እንደሚመስለኝ፣ በመቶዎች የሚቆጠሩ ምልክቶች ያጠና ጸሐፊ ሙያው እንዲቀልል አይፈልግም። ለፈጣን ሥራ በፓፒረስ (ከደንገል በተሠራ ወረቀት) ላይ የሚጻፍ ሂራቲክ፣ በኋላም ዴሞቲክ የተባለ ቅጥልጥል ጽሕፈት ነበራቸው።

ያልፈለጉትን ያደረጉት ሌሎች ናቸው። በሲና የከበረ ድንጋይ ማውጫ አካባቢ የነበሩ የሴም ቋንቋ ተናጋሪዎች፣ ከዛሬ 3800 ዓመት ገደማ በፊት ጥቂት ሥዕሎች ወስደው የየነገሩ ስም በራሳቸው ቋንቋ የሚጀምርበትን ድምፅ ሰጧቸው። የበሬ ራስ «አ»፣ ውኃ «መ» ሆነ። አንዱ ዘር በፊንቄ በኩል ወደ ግሪክ ሄደ፤ ሌላው በደቡብ ዓረብ በኩል የግዕዝ ፊደል ሆነ። የፊደሎቻችን ስሞች ማይ፣ ቤት፣ ዐይን፣ ርእስ የዚያ ዘመን ቅሪት ናቸው።

ቀኑ የሚታወቀው የመጨረሻው የሃይሮግሊፍ ጽሑፍ በፊላይ ቤተ መቅደስ በ394 እ.ኤ.አ. የተቀረጸ ነው። ከዚያ በኋላ አንባቢ ጠፋ። በ1822 ፈረንሳዊው ሻምፖልዮን ፍንጩን ያገኘው ግን በግሪክ ፊደል የሚጻፈውን የጥንቱን የግብፅ ቋንቋ ልጅ፣ ቅብጥኛን፣ አስቀድሞ አጥንቶ ስለነበር ነው። ፀሐይ በቅብጥኛ «ሬ» ነው። የፀሐይ ክብ ተከትሎ «ምስ» እና «ስ» የሚሉ ምልክቶች አየ። አንድ ላይ ሲያነባቸው ራምሴስ ሆነ።