የሳንባ ሻጋታ በደሴና በኮምቦልቻ፦ ከቲቢ በኋላ የሚመለሰው ሳል

አስፐርጊሎሲስ አስፐርጊለስ የሚባል ፈንገስ ሳንባ ውስጥ ሲያድግ የሚመጣ ሕመም ነው። ፈንገሱ በአማርኛችን ሻጋታ የምንለው ነው። ለደሴም ለኮምቦልቻም እንግዳ አይደለም። ከጭድ ክምር፣ ከድርቆሽ፣ ከበሰበሰ ቅጠልና ከሻገተ እህል ላይ ይነሳል። ዘሩ ከ2 እስከ 3 ማይክሮሜትር ብቻ ስለሆነ ከምንተነፍሰው አየር ጋር ሳንባ ድረስ ይዘልቃል። ሁላችንም በየቀኑ በመቶ የሚቆጠር ዘር እናስገባለን። ጤነኛ ሳንባ ጠርጎ ያስወጣዋል።

ስሙን ያወጣው ፒየር አንቶኒዮ ሚኬሊ የተባለ ጣሊያናዊ ቄስና የዕፅዋት ተመራማሪ ነው። እ.ኤ.አ. በ1729 በማጉያ መነጽር ሲያየው የጠበል መርጫ መሰለው፤ ስሙንም ከዚያው ወሰደለት። በ1856 ጀርመናዊው ሐኪም ሩዶልፍ ፊርሾ በሰው ሳንባ ላይ የሚያደርሰውን ጉዳት በዝርዝር ጻፈ።

ሕመሙ ብዙ መልክ አለው። አስም ያለበት ሰው ላይ እንደ አለርጂ ይመጣል፤ ያኔ ዋናው መድኃኒት ስቴሮይድ ነው። የመከላከል አቅሙ በጣም የደከመ ሰው ላይ፣ ለምሳሌ የደም ካንሰር ሕክምና የሚወስድ ሰው ላይ፣ በቀናት ውስጥ ሳንባን የሚወር ክፉ ዓይነት አለ። ለእሱ ቮሪኮናዞል ወይም በደም ሥር የሚሰጥ አምፎተሪሲን የተባሉ የፈንገስ መድኃኒቶች ያስፈልጋሉ።

ለእኛ አካባቢ ግን ከሁሉ በላይ ሊታወቅ የሚገባው ሦስተኛው ነው፤ ሥር የሰደደው ዓይነት። ቲቢ ከዳነ በኋላ ሳንባ ላይ ክፍተት ትቶ ሊሄድ ይችላል። ክፍተቱ እንደ ባዶ ጎተራ ነው። ሻጋታው እዚያ ገብቶ ይቀመጣል፣ ቀስ እያለ ያድጋል፣ አንዳንዴም ተጠቅልሎ ጓል ይሠራል። ራጅ ላይ ጓሉ ከላዩ ጨረቃ የመሰለ የአየር ቅስት ይዞ ይታያል።

ይህ ግምት አይደለም። በብሪታንያ እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ ከቲቢ በኋላ ክፍተት የቀረባቸው 544 ሰዎች ተመርምረው ነበር። 25 በመቶው ደም ውስጥ የሻጋታው ፀረ እንግዳ አካል፣ ማለትም ሰውነት ሻጋታውን ለመከላከል የሚሠራው ነገር፣ ተገኘ። ከጥቂት ዓመታት በኋላ ሲታዩ ቁጥሩ ወደ 34 በመቶ አድጎ ነበር። ወደ እኛ ቀረብ ስንል ደግሞ በኡጋንዳዋ ጉሉ ከተማ ቲቢ ታክመው ከነበሩ 285 ሰዎች ወደ 5 በመቶ የሚሆኑት ይህ ሕመም ተገኝቶባቸዋል። እ.ኤ.አ. በ2022 የዓለም ጤና ድርጅት አስፐርጊለስ ፉሚጋተስን እጅግ አስጊ ከሚላቸው ፈንገሶች መደብ ውስጥ አስገብቶታል።

ምልክቱ ከቲቢ ጋር አንድ ነው ማለት ይቻላል። ወራት የሚቆይ ሳል፣ ክብደት መቀነስ፣ ድካም፣ ደም ያለው አክታ። ሰው ቲቢው ያገረሸበት ይመስለዋል። መጀመሪያ የአክታ ምርመራ መደረጉ ትክክል ነው፤ ቲቢ ገና ሊሆን ይችላልና። ጂን ኤክስፐርት የሚባለው የአክታ የቲቢ ምርመራ ደጋግሞ ነጻ እያለ ሳሉ ካልቆመ ግን ስለ ፈንገስ ሐኪምን ደፍሮ መጠየቅ ይገባል። የድሮውን ራጅ ይዞ መሄድ ትልቅ እገዛ ነው፤ ሐኪሙ ክፍተቱ መለወጡን የሚያየው ከአሮጌው ጋር አስተያይቶ ነው። የሻጋታውን ፀረ እንግዳ አካል የሚፈልገው የደም ምርመራና ሲቲ ስካኑ በየጤና ጣቢያው አይገኙም።

እዚህ ላይ ደሴ የታደለች ከተማ ናት። ከቆላውም ከደጋውም የወሎ ሰው ለከባድ ሕመም የሚመጣው ወደ እሷ ነው። የደሴ ሆስፒታል በ2014 ዓ.ም. ጦርነት ከባድ ዝርፊያና ውድመት ደርሶበት እንደገና ቆሟል። በሥጋ ደዌ ሕክምና ስሙን ያተረፈው ቦሩ ሜዳ ሆስፒታል መድኃኒት የተላመደ ቲቢንም ያክማል። ከኮምቦልቻ ደሴ 25 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው።

ለሥር የሰደደው ዓይነት የተለመደው መድኃኒት ኢትራኮናዞል ነው፤ 200 ሚሊ ግራም በቀን ሁለት ጊዜ፣ ቢያንስ ለ6 ወር። ከዚያ በላይ ይቀጥል አይቀጥል የሚለውን ሐኪሙ በሽተኛውን አይቶ ይወስናል። ካፕሱሉ የሚወሰደው ከምግብ ጋር ነው። የጨጓራ አሲድ የሚቀንሱ እንደ ኦሜፕራዞል ያሉ መድኃኒቶች ኃይሉን ያዳክሙታል። ሪፋምፒሲን የተባለው የቲቢ መድኃኒት ደግሞ ከደም ውስጥ ጠራርጎ ያወጣዋል፤ ስለዚህ የቲቢ መድኃኒት የሚወስድ ሰው ይህን መናገር አለበት። የልብ ድካም ወይም የጉበት ሕመም ያለበት፣ ነፍሰ ጡር የሆነችም እንዲሁ። እግር ካበጠ ወይም ዓይን ቢጫ ከሆነ ቶሎ ወደ ሐኪም መመለስ ነው። ጓሉ አንድ ብቻ ሆኖ ደም የሚያስተፋ ከሆነ፣ ቀሪው ሳንባ ከቻለ፣ በቀዶ ሕክምና ይወጣል። ብዙ ደም መትፋት ግን ቀጠሮ የሚጠበቅበት ነገር አይደለም፤ በዚያው ሰዓት ወደ ድንገተኛ ክፍል መሮጥ ነው።

ስለ እህል ጉድጓድ ብዙ ይባላል። በቆላው ማሽላ ተቀብሮ ከርሞ ጉድጓዱ ሲከፈት የሻገተ አቧራ ይወጣል። በሽታውን ያመጣው አቧራው ብቻ ነው ማለት አይቻልም፤ ሻጋታው የትም አለ። ቢሆንም ቲቢ የታመመ ሰው ጉድጓድ መክፈቱንና ጭድ መገልበጡን ለሌላ ቢተው ይሻለዋል። አፍንጫ ላይ የተጣለ ነጠላ ይህን ደቃቅ ዘር አያስቀርም።

ሻጋታው ከሰው ወደ ሰው አይተላለፍም። ቲቢ እንደሌለ በምርመራ ከተረጋገጠ ለታማሚው ስኒ መለየት፣ ከቡናው ማራቅ፣ ልጆችን መከልከል አያስፈልግም። ከቤተሰቡ ጋር አቦሉንም በረካውንም ይጠጣል።