በመንዝ «ቄሮ» ሲባል ምን ማለት ነው?

«ቄሮ» ሲባል ብዙዎቻችን ቶሎ የሚመጣልን የኦሮሞ ወጣቶች እንቅስቃሴ ነው። የመንዙ ቄሮ ግን ሌላ ነው፤ የጓሳ ሣር መጠበቂያ ሥርዓት ነበር።

ጓሳ ሰሜን ሸዋ፣ መንዝ ውስጥ ያለ ወደ 100 ካሬ ኪሎ ሜትር የሚሰፋ ደጋ ነው። ሣሩ የቤት ክዳን ይሆናል፣ ገመድ ይሆናል። ብርድና ዝናብ የለመደው እረኛ ትከሻው ላይ ጣል የሚያደርጋት ገሳም ከዚሁ ሣር ትሠራለች። ሁሉም ስለሚፈልገው ደግሞ ዝም ከተባለ በአንድ ክረምት ይራቆታል።

ስለዚህ በርስት የመጠቀም መብት የነበራቸው ገበሬዎች ጥበቃውን የሚመራ አለቃ፣ አባ ቄራ፣ ይመርጡ ነበር። ስፍራው ለዓመታት፣ አንዳንዴ ከ3 እስከ 5 ዓመት ይዘጋ ነበር። ማጨድም ማሰማራትም ክልክል ነበር። ሣሩ ሲደርስ ቀን ተቆርጦ ይከፈት ነበር።

«ጥበቃ» ማለት ገበሬውን ማባረር የሚመስለን ካለን እዚህ ጋ ቆም ብለን እናስብ። ከልካዩም ተጠቃሚውም ያው ገበሬ ነበር! ቀይ ቀበሮና ጭላዳም በዚሁ ክልከላ ተጠልለው ኖረዋል። ቀይ ቀበሮ በዋናነት የሚበላው አይጥ ነው፤ አይጡ ደግሞ ሣሩ ውስጥ ነው።

የ1967ቱ የመሬት አዋጅ ሲመጣ የቄሮ መሠረት የነበረው የርስት መብት ቀረ፣ ሥርዓቱም አብሮ ፈረሰ። ዛሬ ጓሳ በማኅበረሰብ የሚተዳደር ጥብቅ ስፍራ ነው። ስካውቶቹም (ጠባቂዎቹ) የአካባቢው ልጆች ናቸው።