«ቦልድ» ማለት ደፋር ብቻ ነው?

ሐረር ውስጥ አስጎብኚ ለመሆን ለሚዘጋጁ ወጣቶች እንግሊዝኛ አስተምራለሁ። አንዱ ተማሪዬ ከአየርላንድ የመጣች እናትን ከትንሽ ልጇ ጋር ማታ ከጀጎል ግንብ ውጪ ጅብ ወደሚመገብበት ቦታ ወሰዳቸው። ልጁ ሥጋ የተንጠለጠለበትን እንጨት ይዞ ጅቡ ፊት ቁጭ አለ፤ ቅንጣት አልፈራም። ተማሪዬም ሊያሞግሰው ብሎ በእንግሊዝኛ «ልጅሽ በጣም ቦልድ ነው» አላት። እናትየዋ ደነገጠች። «ምን አጠፋ?» ብላ ልጁን መቆጣት ጀመረች።

«ቦልድ ሁልጊዜ ሙገሳ ነው» የሚለው ስህተት እንዲህ ያደርጋል። በአየርላንድ እንግሊዝኛ ስለ ልጅ ሲነገር ቃሉ ረባሽ፣ የማይታዘዝ ማለት ነው። የራሳቸው የአይሪሽ ቋንቋም «ዳና» በሚል አንድ ቃል ደፋሩንም ረባሹንም ይጠራል። በሌላውም የእንግሊዝኛ ዓለም ቢሆን ልኩን ያለፈ ሰው ቦልድ ሊባል ይችላል። ይህን ለመረዳት ሩቅ መሄድ የለብንም። እንግዳ ፊት ነገር ያቋረጠ ልጁን አባት «አንተ ደፋር!» ሲለው ማንም ምርቃት አይመስለውም። «ደፋርና ጭስ መውጫ አያጣም» ሲባል ደግሞ ያው ቃል ይወደሳል። ከመሐል አገር የሚመጡ እንግዶች እኛ ሐረሮች ታላቁንም ታናሹንም «አንተ» ስንል ደፋሮች ይሉናል፤ ለእኛ ግን ቅርበት ነው። ማን ለማን፣ በምን ድምፅ እንዳለው ካልታየ ቃሉ ብቻውን አይፈታም።

ይህን የሰሙ አንዳንድ ተማሪዎቼ ወዲያው ወደ ሌላው ጫፍ ሄደው «እንግዲያው ባለጌ ማለት ነው» ይላሉ። ባለጌ በጣም ይከብዳል። እንግሊዞች በቆየው ትሑት አነጋገራቸው «ይህን ያህል ቦልድ ልሁንና» ብለው ጥያቄ ይጀምራሉ፤ የእኛው «ድፍረት አይሁንብኝና» ቁርጥ እሱ ነው። ዓይን አውጣ ለሚባለው ሰው ሌላ ቃል አላቸው፦ «ብሬዘን»። መነሻው ከናስ የተሠራ ማለት ነው። እኛ ዘንድ ዓይን ያወጣል፣ እነሱ ዘንድ ፊቱ ናስ ይሆናል፤ ይህን ዝምድና ሳስተምር ሁልጊዜ ደስ ይለኛል።

«ኮምፒውተር ላይ ያለው ቦልድ ሌላ ቃል ነው» የሚሉም አሉ። ያው ራሱ ነው፤ ከሌሎቹ ፊደሎች ይልቅ ጎልቶ ራሱን ስለሚያሳይ ነው። እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1845 ለንደን ውስጥ የወጣው ክላረንደን የተባለው ወፍራም ፊደል መዝገበ ቃላት ውስጥ ቃላትን ለማጉላት ያገለግል ነበር። ፈረንሳዮች ግን ይህን ፊደል «ወፍራም» ብለው ነው የሚጠሩት፤ ድፍረት የለበትም።

ራሰ በራ የሚለው የእንግሊዝኛ ቃልም በእኛ ፊደል ሲጻፍ «ቦልድ» ይሆናልና ብዙዎች አንድ ይመስላቸዋል። እንግሊዞች ሲናገሩ አናባቢውን ይለዩታል፣ ሲጽፉም በአንድ ፊደል ይለያያሉ። የሚገናኙበት አንድ ቦታ አለ፤ ዓይን ያወጣ ውሸትን በእንግሊዝኛ አንዳንዱ «ፊተ ደፋር»፣ አንዳንዱ «ፊተ በራ» ብሎ ይጽፋል። ሁለቱም ይሠራበታል። አጻጻፉ በራ በሚለው የእንግሊዝኛ ቃል የሚጀምረው «ባልድዊን» የሚለው ስም ግን ደፋር ወዳጅ ማለት ነው እንጂ ከመላጣነት ጋር አይገናኝም።

«ሕግ ደፈረ»፣ «ድንበር ደፈረ» የሚሉትን በቦልድ መተርጎም አይቻልም። ጥሰት ናቸውና የጥሰት ቃል ይፈልጋሉ።

ከሁሉ የሚያሳስበኝ ስለ ሴት ሲነገር ነው። በድሮ የእንግሊዝኛ ጽሑፍ ቦልድ የተባለች ሴት ብዙ ጊዜ ኀፍረት የለሽ ተብላ መወቀሷ ነው፤ ይህን ያላወቀ አንባቢ ወቀሳውን ሙገሳ አድርጎ ያልፈዋል። ዛሬ ቃሉ ለሴትም ክብር ሆኖ ይነገራል። ሴት ተማሪዎቼ ግን «ደፋር ነኝ» ብለው ስለ ራሳቸው ለመጻፍ እጃቸው ይያዛል፤ እቤት የሰሙት «ደፋር» ቁጣ ነበርና። ለሥራ ማመልከቻ ስለ ራሳችሁ «ኮንፊደንት»፣ ማለትም በራሱ የሚተማመን፣ በሉ፤ «ቦልድ»ን ለሐሳባችሁና ለዕቅዳችሁ አውሉት እላቸዋለሁ። ስለ ዕቅድ ሲነገር ሙገሳነቱ ይበዛል።