ሕገ ልቡና፦ መልካምና ክፉ የሰው ስምምነት ናቸውን?

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ አሜን።

የተወደዳችሁ በክርስቶስ ወንድሞችና እኅቶች፣ በዩኒቨርሲቲ ያሉ ልጆቻችን ወደ ሰንበት ትምህርት ቤት ይዘውት ከሚመጡት ጥያቄ አንዱ ይህ ነው፦ «መልካምና ክፉ የምንለው እያንዳንዱ ሕዝብ ለኑሮው እንዲመቸው ያወጣው ልማድ ከሆነ፣ የአንዱ ሕዝብ ልማድ በሌላው ላይ እንዴት ዳኛ ይሆናል?» ለዚህ ጥያቄ «መጽሐፍ ስለሚል ነው» ብሎ መመለስ እውነት ቢሆንም ለጠያቂው አይበቃውም፤ መጽሐፉን ያልተቀበለ ሰው ከግብረ ገብ ግዴታ ነጻ ነው የሚል ያስመስላልና። አባቶቻችን ግን ከመጽሐፍም በፊት የነበረ ሕግ እንዳለ አስተምረውናል፤ እርሱም በሰው ልብ የተጻፈው ሕገ ልቡና ነው።

ከአዳም እስከ ሙሴ ያለው ዘመን ዘመነ ሕገ ልቡና ይባላል። በዚያ ዘመን በድንጋይ ጽላት ላይ የተቀረጸ «አትግደል» የሚል ትእዛዝ አልነበረም። ሆኖም ቃየን ወንድሙን በገደለ ጊዜ እግዚአብሔር «ወንድምህ አቤል ወዴት ነው?» ብሎ ጠየቀው፤ ቃየንም «አትግደል መቼ ተባልሁ?» አላለም፤ «አላውቅም» ብሎ ዋሸ እንጂ። ማንም ሰው ነውር መሆኑን የማያውቀውን ሥራ አይሸሽግም። ዮሴፍም በግብፅ፣ ከአባቱ ቤት ርቆ፣ ኦሪት ገና ሳትሰጥ፣ የጌታው ሚስት ስታስገድደው «እንዴት ይህን ትልቅ ክፉ ነገር አደርጋለሁ? በእግዚአብሔር ፊት እንዴት ኃጢአትን እሠራለሁ?» አላት። እምቢታውን ያስተማረው የሀገሩ ልማድም የግብፅ ሕግም አልነበረም፤ በልቡ የተጻፈው ሕግ ነበረ እንጂ።

ከሁሉ ይልቅ ግን በኦሪት ዘፍጥረት ምዕራፍ 20 ላይ ያለውን ታሪክ ቆም ብለን ልናነበው ይገባል። አባታችን አብርሃም ወደ ጌራራ ሲገባ ሣራን «እኅቴ ናት» አለ፤ የሀገሩ ንጉሥ አቢሜሌክም ወሰዳት። እግዚአብሔር በሕልም ተገልጦ ባለ ባል መሆኗን በነገረው ጊዜ አቢሜሌክ «የባል ሚስት መውሰድ በእኛ ዘንድ ነውር አይደለም» ብሎ አልተከራከረም፤ «በልቤ ቅንነትና በእጄ ንጹሕነት ይህን አደረግሁት» አለ፤ እግዚአብሔርም ቅንነቱን መሰከረለት። በነጋም ጊዜ አብርሃምን ጠርቶ «የማይገባ ሥራ በእኔ ሠራህብኝ» ሲል ወቀሰው። አብርሃም የሰጠው ምክንያት «በዚህ ስፍራ በእውነት እግዚአብሔርን መፍራት የለም ብዬ ነው» የሚል ነበር፤ ነገር ግን የለም ብሎ ያሰበው ፈሪሃ እግዚአብሔር፣ ኪዳን ባልተቀበለው በዚያ ንጉሥ ልብ ውስጥ ተገኘ። ስለዚህ ከእምነታችን ውጭ ያለ ጎረቤታችን ሐቀኛ፣ ለድሀ አዛኝ፣ በቃሉ የሚጸና ሆኖ ስናገኘው ሃይማኖታችን የተነካ አድርገን ልናየው አይገባም። ቅዱስ ጳውሎስ ሕግ የሌላቸው አሕዛብ ከባሕርያቸው የሕግን ትእዛዝ ሲያደርጉ፣ ሕሊናቸው ሲመሰክርላቸው፣ በልባቸው የተጻፈውን የሕግ ሥራ ያሳያሉ ያለው ስለዚህ ነውና።

እዚህ ላይ ሌላ ጥያቄ ይነሣል፦ መልካም ነገር መልካም የሆነው እግዚአብሔር ስላዘዘው ነው ወይስ እግዚአብሔር ያዘዘው መልካም ስለሆነ ነው? የመጀመሪያውን ብንመርጥ ነገ ጭካኔን ቢያዝ ጭካኔ መልካም ይሆን ነበር ወደ ማለት እንደርሳለን፤ ሁለተኛውን ብንመርጥ ከእግዚአብሔር በላይ እርሱም የሚታዘዘው ሕግ አለ ማለት ይሆንብናል። የእኛ እምነት ግን ከሁለቱም አይደለም። ከአንዱ ከእግዚአብሔር በቀር ቸር ማንም እንደሌለ ጌታችን በወንጌል ነግሮናል፤ ቸርነት ለእርሱ ከውጭ የመጣ ትእዛዝ ሳይሆን የባሕርዩ ነው፤ ትእዛዛቱም ከዚህ ባሕርይ ይወጣሉ። አብርሃም ስለ ሰዶም ሲማልድ «የምድር ሁሉ ፈራጅ በቅን ፍርድ አይፈርድምን?» ብሎ በድፍረት የጠየቀው የሚለምነው አምላክ ከቅንነት ሊለይ እንደማይችል ስላወቀ ነው።

«ታዲያ ሕጉ በሁሉ ልብ ከተጻፈ ሰዎች ለምን ይለያያሉ?» የሚለው ተቃውሞ ከባድ ነው፤ በሌላ ሕዝብ ኃጢአት ሳይሆን በራሳችን ታሪክ ልንመልሰው ይገባል። በሀገራችን ባርነት ለብዙ መቶ ዓመታት በሕግና በልማድ የታወቀ ነበር፤ የሚጾሙ፣ የሚያስቀድሱ ክርስቲያኖችም ባሪያ ነበራቸው። ይሁን እንጂ ፍርድ ይሰጥበት የነበረው ፍትሐ ነገሥት ራሱ ስለ ባርነት በሚናገርበት አንቀጽ ሰዎች ሁሉ በተፈጥሮ ነጻነትን እንደሚጋሩ፣ አንዱን ለሌላው ያስገዛው ጦርነትና ኃይል እንደሆነ ይናገራል። ይህን ከመሰከረ በኋላ ግን ባርነትን አልሻረም፤ ሥርዓት አበጀለት። «ባሪያ ወይም ጨዋ ሰው የለም» (ጨዋ ማለት ነጻ ሰው ማለት ነው) የሚለውም የሐዋርያው ቃል በየቤተ ክርስቲያኑ ይነበብ ነበር። ከፍትሐ ነገሥቱም አስቀድሞ በ4ኛው መቶ ዓመት የኑሲስ ኤጲስ ቆጶስ የነበረው ቅዱስ ጎርጎርዮስ ዘኑሲስ መጽሐፈ መክብብን ሲተረጉም በእግዚአብሔር አርአያ የተፈጠረውን ሰው ማን ሊገዛው፣ ማንስ ሊሸጠው፣ በምንስ ዋጋ ብሎ የባሪያ ጌቶችን ገሥጾ ነበር። በሀገራችን ባርነት በዐዋጅ ፈጽሞ የተሻረው በ1934 ዓ.ም. ነው።

እንግዲህ መልካምና ክፉ የኅብረተሰብ ስምምነት ብቻ ቢሆኑ ኖሮ በዚያ ዘመን የተሳሳተው ጎርጎርዮስ ነበር ማለት ነው፤ ብዙኃኑ በሌላ ነገር ተስማምተው ነበርና። በባርነት የተያዘውም ሰው በደል ደረሰብኝ ለማለት መብት አይኖረውም ነበር፤ ዐዋጁ ሲወጣም ከክፉ ወደ መልካም ተሻገርን ሳይሆን ልማድ ለወጥን ብቻ እንል ነበር። ይህን በቅን ልብ ሊቀበል የሚችል ሰው ያለ አይመስለኝም። ልዩነቱን ያመጣው የሕጉ አለመኖር ሳይሆን ጥቅም ሕሊናን ማደንዘዙ ነው። እኛም ዛሬ የተስማማንበትና ልጆቻችን የሚያፍሩበት ነገር አይኖርም ብለን ልንታበይ አንችልም።

ግብረ ገብ ለኅብረተሰብ ምን ይሠራል የሚለውን ለማየት ወደ ገበያ እንሂድ። በፋሲካ ዋዜማ አንዲት እናት ለዶሮው ወጥ ቅቤ ልትገዛ ትቆማለች፤ በኮባ ቅጠል ከተጠቀለለው በጣቷ ቆንጥራ ታሸታለች። ከላይ ያለው ለጋ ቅቤ ነው፤ ከታች ያለው ሙዝ ወይም የረጋ ዘይት የተደባለቀበት ይሁን አይሁን ግን የሚያውቀው ሻጩ ብቻ ነው። በርበሬው ውስጥ የሸክላ ዱቄት መግባት አለመግባቱንም እንዲሁ። መንግሥት በየመደብሩ ተቆጣጣሪ ቢያቆም ተቆጣጣሪውን የሚጠብቅ ሌላ ተቆጣጣሪ ያስፈልገዋል። ምስክር በፍርድ ቤት ሲምል፣ ሐኪም ታካሚው የማያነበውን ሲጽፍ፣ መምህር ፈተና ሲያርም እንዲሁ ነው፤ ሕዝብ እርስ በርሱ ተማምኖ የሚውለው ከሕግ አስከባሪው ዓይን በማይታየው ስፍራ በሚሠራው ሥራ ነው። ኦሪት «በከረጢትህ ውስጥ ታላቅና ታናሽ የሆነ ሁለት ዓይነት ሚዛን አይኑርልህ» ስትል ከገበያው አደባባይ አልፋ ወደ ከረጢቱ ውስጥ መግባቷን አስተውሉ። 55 ቀን ከቅቤ ተከልክሎ በ55ኛው ቀን የተበረዘ ቅቤ የሚሸጥ ክርስቲያን ቢኖር፣ ጾሙ እስከ ከረጢቱ አልደረሰም።

ዘኬዎስ ጌታን በቤቱ በተቀበለ ጊዜ «ማንንም በሐሰት ከስሼ እንደ ሆንሁ አራት እጥፍ እመልሳለሁ» ብሎ ነበር። ስለ ቀማው ገንዘብ ንስሐ የሚገባ ሰው ወደ ንስሐ አባቱ ሲቀርብ የወሰደውን እንዲመልስ የሚታዘዘውም በዚሁ መንገድ ነው። በተበረዘ ቅቤ የተታለለችው እናት መታለሏን አታውቅም፤ አልከሰሰችም፣ አላዘነችም፣ ምናልባትም ያንን ሱቅ ስታመሰግን ትኖራለች። በምድር ላይ በደሉን የሚያውቅ ከበዳዩ በቀር ማንም የለም፤ እርሱም ቢረሳው የሚያስታውሰው ሰው አይገኝም። በደል በሰዎች ስምምነት ብቻ የሚኖር ቢሆን ይህ ዕዳ ከወዲሁ በጠፋ ነበር፤ ሆኖም ገንዘቧ የእርሷ ነው፤ ሻጩም ሊመልስላት ይገባል፤ እርሷን ማግኘት ካልቻለ ለድሀ ይስጥላት።