ስለ ፎልደር ፈቃዶች የተሳሳቱ አመለካከቶች እና እውነታው

በዩኒክስና በሊኑክስ ላይ ፋይልም ፎልደርም ሦስት ፈቃዶች አሏቸው፤ አር ማንበብ፣ ደብሊው መጻፍ፣ ኤክስ ማስኬድ። ስማቸው አንድ ስለሆነ ሥራቸውም አንድ ይመስለናል። ስህተቱ የሚጀምረው ከዚህ ነው። ፎልደር ፋይሎቹን የያዘ ሳጥን አይደለም። የስሞች ዝርዝር ነው። በእያንዳንዱ ስም ጎን አይኖድ የሚባል ቁጥር አለ፤ ወደ ፋይሉ የሚመራው እሱ ነው።

«አር ካለኝ ውስጡን አያለሁ።»

ግማሹ ብቻ እውነት ነው። እስቲ ሞክሩት። ሙከራ የሚል ፎልደር ፍጠሩ፤ ማስታወሻ የሚል ፋይል አስገቡበት። ከዚያ ፎልደሩን ፈቃድ በሚቀይረው ትእዛዝ በችሞድ 444 አድርጉት። ሦስቱ አሃዞች በተራ የባለቤቱ፣ የግሩፑ (የተጠቃሚዎች ቡድን) እና የሌሎች ፈቃድ ናቸው፤ አር 4፣ ደብሊው 2፣ ኤክስ 1 ሆነው ይደመራሉ። ስሞችን የሚዘረዝረውን ትእዛዝ ኤልኤስ ስትሉ ስሙ ይወጣል። ኤልኤስ ሰረዝ ኤል ብላችሁ ዝርዝሩን ስትጠይቁ ግን መጠኑም፣ ባለቤቱም፣ ቀኑም በጥያቄ ምልክት ተተክቶ ይመጣል። ፋይሉን ልክፈት ብትሉ «ፐርሚሽን ዲናይድ» (አልተፈቀደም) ነው መልሱ። ስሙን ማንበብ ተፈቅዶላችኋል፤ ከስሙ ወደ ፋይሉ የሚያሻግረው ግን ኤክስ ነው።

አሁን 111 አድርጉት። ነገሩ ይገለበጣል። ኤልኤስ ይከለከላል፤ ማስታወሻን ግን ስሙን ስለምታውቁት የፋይል ይዘት በሚያሳየው በካት ታነቡታላችሁ። እኔ ይህን በዓይኔ እስካይ ድረስ የኤክስ ትርጉም በደንብ አልገባኝም ነበር።

«ፋይሉን 444 ስላደረግሁት ማንም አያጠፋውም።»

ከሁሉም በላይ የሚያሳስበኝ ይሄ ነው። ማጥፋት ማለት ስሙን ከዝርዝሩ መፋቅ ነው። ስለዚህ የሚታየው የፋይሉ ሳይሆን የፎልደሩ ፈቃድ ነው። በፎልደሩ ላይ ደብሊውና ኤክስ ያለው ሰው፣ ማንበብ እንኳ የማይችለውን የሌላ ሰው ፋይል ያጠፋል። የማጥፊያው ትእዛዝ አርኤም «መጻፍ የተከለከለበት ፋይል ነው፣ ይጥፋ?» ብሎ ይጠይቃል። ዋይ (አዎ) ካላችሁት ግን በቃ፣ ጠፋ። የጠየቀው አርኤም ራሱ ነው እንጂ የሥርዓቱ እምብርት የሆነው ከርነሉ አልከለከለም።

ጊዜያዊ ፋይሎች የሚቀመጡበትና ሁሉም ሰው የሚጽፍበት የቲኤምፒ ፎልደር ፈቃዱ 1777 የሆነው ለዚህ ነው። ፊት ላይ ያለው 1 ስቲኪ ቢት ይባላል። እሱ ካለ ፋይሉን ማጥፋት የሚችሉት የፋይሉ ባለቤት፣ የፎልደሩ ባለቤትና ሩት (የሥርዓቱ ዋና አስተዳዳሪ) ብቻ ናቸው።

«ደብሊው ብቻውን ፋይል ለመፍጠር ይበቃል።»

አይበቃም። ፎልደሩን 200 አድርጋችሁ ባዶ ፋይል በሚፈጥረው በተች ሞክሩት፤ ይከለክላችኋል። ያለ ኤክስ ደብሊው ምንም አይሠራም።

«ባለቤት ሁልጊዜ ከሌላው የበለጠ መብት አለው።»

ፎልደሩን 077 አድርጉት፤ ባለቤቱ እናንተው በሩ ይዘጋባችኋል፣ ሌላው ሰው ይገባል። ከርነሉ ባለቤት መሆናችሁን ካረጋገጠ የባለቤቱን ሦስት ቢቶች (አር፣ ደብሊው፣ ኤክስ) ብቻ ነው የሚያየው፤ ወደ ግሩፑና ወደ ሌሎቹ አያልፍም። ደግነቱ ባለቤት ስለሆናችሁ በችሞድ መመለስ ትችላላችሁ።

«777 ካደረግሁት ሁሉም ይደርስበታል።»

ከላይ ካሉት ፎልደሮች አንዱ እንኳ ኤክስ ከጎደለው ማንም አይደርስበትም። እባካችሁ፣ ችግር በመጣ ቁጥር 777 አትበሉ። ሊኑክስ ላይ ኔምአይ ሰረዝ ኤል ብትሉ መንገዱ ላይ ያለውን የእያንዳንዱን ፎልደር ፈቃድ ያሳያችኋል። የጎደለውን እዚያ ታገኙታላችሁ።

ይህን ሁሉ ሞክራችሁ ምንም ነገር ካልከለከላችሁ ሩት ሆናችሁ ነው የምትሞክሩት። ሩትን እነዚህ ፈቃዶች ከፎልደር አያግዱትም። ኮንቴነር (ፕሮግራም ተከልሎ የሚሠራበት አካባቢ) ውስጥ ደግሞ ሳታውቁት ሩት የመሆን ዕድላችሁ ሰፊ ነው። አይዲ ብላችሁ ዩአይዲው (የተጠቃሚ ቁጥራችሁ) የሩት ቁጥር የሆነው 0 አለመሆኑን አረጋግጡና እንደገና ጀምሩ። ስትጨርሱ ፎልደሩን ወደ 700 መልሱት፤ አለዚያ አርኤም ራሱ ውስጡን ማጽዳት ያቅተዋል።